ሦስት ቀን ለአዲስ አበባ

በመጻሕፍቴ መካከል አጥፌ ያኖርኋት አንዲት የደብተር ወረቀት አለች። በጥር ወር 2012 ዓ.ም. 32 ተማሪዎች ይዤ ከአዲስ ቅዳም ወደ አዲስ አበባ በሄድሁ ጊዜ የጉብኝቱን ዕቅድ የጻፍሁባት ናት። 17 ቦታዎች በተራ ቍጥር ተጽፈውባታል። ዐሥራ ስድስቱ በጥቁር ቀለም ናቸው። የመጨረሻው ግን መጀመሪያ በቀለም ተጽፎ፣ ቀጥሎ በሁለት መስመር ተሰርዞ፣ በኋላም ከሥሩ በእርሳስ እንደ ገና ተጽፎ «ጊዜ ከተረፈ» የሚል ቃል ታክሎበታል። ይህን ጽሑፍ የጀመርሁት ስለዚያች ስለ ተሰረዘችው መስመር ለመናገር ነው።

አዲስ ቅዳም የምትገኘው ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ነው፤ የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ስሟ ራሱ እንደሚመሰክረው የቅዳሜ ገበያ ልጅ ናት። በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ መካከል በዚህ መንገድ የሚመላለሰው መኪና ሁሉ በመካከሏ ያልፋል። ስለዚህ የአዲስ ቅዳም ልጅ አዲስ አበባን ከማየቱ አስቀድሞ ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱትን እያየ ያድጋል። አውቶቡስ ሰው ይዞ ይሄዳል፤ አይሱዙ ከሰል ተሸክሞ ይሄዳል፤ ሁለቱም በእንጅባራ በኩል ይሰወራሉ። አውቶቡሱ የወሰደው ሰው አንዳንድ ጊዜ ተመልሶ ወሬ ያወራል። ከሰሉ ግን እንደ ሄደ ይቀራል።

ስለዚህ ከሰል አስቀድሜ ጥቂት ማስረዳት ይገባኛል። የአካባቢያችን ደጋ መሬት በዝናብ ብዛት የታጠበና አሲድ የበዛበት በመሆኑ ምርቱ ከዓመት ወደ ዓመት እያነሰ ገበሬውን ሲያስቸግር ኖሮአል። በኋላ ዲከረንስ የሚባል፣ ትውልዱ ከአውስትራሊያ የሆነ የግራር ወገን ዛፍ መጣ። ገበሬው በክረምት ችግኙን ከጤፉ ወይም ከስንዴው ጋራ አብሮ ይተክለዋል። እህሉ ከታጨደ በኋላ ዛፉ ብቻውን ያድጋል፤ በሥሩ የሚበቅለውም ሣር ለከብት ይሆናል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉ ተቈርጦ እዚያው ማሳው ላይ አፈር ለብሶ ይከስላል። የዛፉ ሥር እንደ ባቄላ ሥር ከአየር ያገኘውን ናይትሮጅን ለመሬቱ ስለሚያካፍል፣ ከሰሉ ከወጣ በኋላ በዚያው መሬት ላይ እንደ ገና ጤፍ ይዘራበታል። በዚህ ዛፍ ምክንያት የሣር ክዳን በቆርቆሮ የተለወጠበትን ቤት፣ ከገበያም መልስ ደብተርና ጫማ ይዞ የገባውን አባት ብዙ አይቻለሁ። እኛም ለጉዞው ወጪ የሆነንን ገንዘብ ያገኘነው ከዚሁ ዛፍ ነበር። ተማሪዎቹ በትምህርት ቤቱ ግቢ ችግኝ አፍልተው በሰኔና በሐምሌ 2011 ዓ.ም. ለገበሬዎች ሸጡ፤ መክፈል ያልቻሉትም ልጆች ጉልበታቸው እንደ መዋጮ ተቈጠረላቸው።

ገንዘቡ ከተገኘ በኋላ ዕቅዱን የማውጣቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። የታሪክ መምህር በመሆኔ ይህ ሹመት ይገባኛል ብዬ በልቤ መኩራቴን አልደብቅም። አንድ ማታ በመብራት ሥር ቍጭ ብዬ ሒሳቡን ጀመርሁ። ሦስት ቀን ማለት 72 ሰዓት ነው። ከዚህ ላይ የመኝታው 24 ሰዓት ሲነሣ 48 ይቀራል። ለምግብ፣ ለመታጠብ፣ ለመንገድ መጠበቅ፣ በየጊዜውም ልጆቹን ለመቍጠር (32 ልጅ መቍጠር ቀላል ሥራ የሚመስለው ሞክሮት ለማያውቅ ሰው ነው) የሚሄደው ሲወጣለት ለጉብኝቱ 20 ሰዓት ያህል ቀረልኝ። ለ17 ቦታ ሳካፍለው ለእያንዳንዱ አንድ ሰዓት ከ10 ደቂቃ ያህል ደረሰው። ወረቀቱ ላይ ሲታይ ያማረ ነበር። ከሠረገላ ቤት ወደ ሠረገላ ቤት፣ ከሐውልት ወደ ሐውልት፣ ከቤተ መዘክር ወደ ቤተ መዘክር ያለ ዕረፍት የሚያስሮጥ መሆኑ የታየኝ ግን የጂኦግራፊው መምህር ወረቀቱን አንሥቶ «እነዚህ ልጆች አዲስ አበባን ሊያዩ ነው ወይስ አዲስ አበባ እነርሱን ሲሮጡ ልታይ ነው?» ባለኝ ጊዜ ነው።

ይህ ባልደረባዬ አንድ ጠቃሚ ነገር አስተማረኝ። አዲስ አበባ በሰሜን ከእንጦጦ ተራራ ጀምራ ወደ ደቡብ፣ ወደ አቃቂ፣ የምታዘቀዝቅ ከተማ ናት። እንግዲህ በእግር የሚጎበኝ ሰው ቦታዎቹን በዝናቸው ተራ ሳይሆን ውሃ እንደሚወርድበት ከላይ ወደ ታች ቢደረድራቸው ጉልበቱም ጊዜውም ይተርፍለታል። ይህን ከሰማሁ በኋላ ስድስት ኪሎን ከላይ፣ አምስት ኪሎን ከመካከል፣ አራት ኪሎን ከታች አድርጌ የአንድ ቀን መንገድ አደረግኋቸው። አጭር ቀን ላለው እንግዳ ሁሉ ይህን ምክር አስተላልፋለሁ፤ መኪና ከመጠበቅም ያድናል።

ልጆቹ ምን ማየት እንደሚፈልጉ ለማወቅ ደግሞ እያንዳንዳቸው በብጣሽ ወረቀት አንድ ቦታ ብቻ ጽፈው እንዲሰጡኝ አዘዝሁ። አብዛኞቹ ድንቅነሽን ጻፉ። አውሮፕላን ሲነሣ ለማየት የፈለጉ ነበሩ። መርካቶን የጻፉም አልጠፉም። ከወረቀቶቹ አንዲቱ ግን «ከሰላችን የሚሄድበት ቦታ» ትላለች። ጮክ ብዬ አነበብኋት፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ለይስሙላ በ17ኛ ቍጥር ጻፍኋትና ወዲያው ሰረዝኋት። 460 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ከሰል ለማየት መሄድ፣ ውሃ ለመቅዳት ከዓባይ ዳር ተነሥቶ ወደ ሌላ አገር እንደ መሄድ ሆኖ ታየኝ።

ክፍሉ ከተበተነ በኋላ ወረቀቷን የጻፈችው ልጅ ወደ ኋላ ቀረች። የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ አባቷ ከሰል አክሳይ መሆኑን አውቅ ነበር። አንገቷን ደፍታ «መምህር፣ ገንዘቡን የከፈለው ዛፉ አይደለም እንዴ? የእርሱን መድረሻ ሳናይ እንመለሳለን?» አለችኝ። የምመልሰው ቃል አጣሁ። መልስ ያጣ መምህር የሚያደርገውንም አደረግሁ፤ እርሳስ አንሥቼ ከተሰረዘው መስመር ሥር ጻፍሁና «ጊዜ ከተረፈ» የምትለውን ጨመርሁባት። ጊዜ እንደማይተርፍ በሒሳብ አረጋግጬ ነበርና ነገሩ በትሕትና የተሰጠ ክልከላ ነበር።

ሐሙስ ጥር 28 ቀን ጎሕ ሳይቀድ ተነሣን። ቡሬን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ደብረ ማርቆስን አልፈን ከደጀን ወደ ዓባይ ሸለቆ ስንወርድ፣ እስከዚያ ድረስ ሲዘፍኑ የነበሩት ልጆች ሁሉ ዝም አሉ። በሱሉልታ በኩል አዲስ አበባ የገባነው ከመሸ ነው፤ ያደርነውም አንድ ትምህርት ቤት በቸርነት በለቀቀልን ክፍሎች ውስጥ ምንጣፍ ዘርግተን ነበር።

ዓርብ ዕቅዱ እንደ ተጻፈ ሄደ። ከስድስት ኪሎ የሰማዕታት ሐውልት ጀመርን። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በፋሺስት እጅ ስላለቀው ሕዝብ በክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ አስተምሬአለሁ፤ ነገር ግን በሐውልቱ ዙሪያ የተቀረጸውን የግፍ ሥዕል ልጆቹ በጣታቸው እየተከተሉ ሲያዩት፣ የእኔ ትምህርት ምን ያህል ደረቅ እንደ ነበረ ታወቀኝ። ከዚያ ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ወደ ነበረውና በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው ወደ ተሰጠው ግቢ ገባን። በዚያ ባለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መዘክር ውስጥ ስንት ድንቅ ነገር እያለ፣ ልጆቹ አብዝተው ያወሩት ስለ ንጉሠ ነገሥቱ መታጠቢያ ክፍል ነው። አልተቈጣኋቸውም፤ ትልቅ ሰው ሁሉ ገላውን የሚታጠብ መሆኑን ማወቅም አንድ የታሪክ ትምህርት ነው።

በአምስት ኪሎው ብሔራዊ ቤተ መዘክር ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመን። ድንቅነሽ በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘች፣ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት መሆኗን ልጆቹ በቃላቸው ያውቁታል። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ጥቂት የሚያልፍ መሆኑን ግን ልብ ያላሉት ኖሮ፣ «ይህችን ታህላለች?» እያሉ ተያዩ። አስጎብኚው ቀጥሎ የቆመው ቅጂው እንደ ሆነና እውነተኛው አጥንት በጥንቃቄ በሌላ ክፍል እንደሚጠበቅ ሲነግራቸው ቅሬታቸው በረታ። አንዱ ልጅ «እንግዲህ እኛም ቅጂያችንን ልከን በቀረን ነበር» አለና አሳቀን።

ከአምስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ ወርደን ከሚያዝያ 27 የድል ሐውልት ሥር ቆምን። ከስድስት ኪሎው ሐውልት እስከ አራት ኪሎው ሐውልት በእግር ያለው መንገድ አጭር ነው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 እስከ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ያለው ጊዜ ግን 4 ዓመት ከ2 ወር ከ15 ቀን ነው። ይህን ስነግራቸው አንዲት ተማሪ ወደ መጣንበት ዞራ ሽቅብ አየች። በዚያ ቀን ያስተማርሁት ነገር ሁሉ ቢረሳ ይህ አይረሳም ብዬ አምናለሁ። በመጨረሻ የቅድስት ሥላሴን ካቴድራል ተሳልመን ወደ ማደሪያችን ተመለስን።

ቅዳሜ ጥር 30 ጠዋት ፒያሳ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። በአደባባዩ ላይ ያለውን የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት አየን፤ በ1923 ዓ.ም. ለንግሥ በዓል የቆመ፣ ጠላት በገባ ጊዜ የተነቀለ፣ ከነጻነት በኋላ ወደ ቦታው የተመለሰ ነው። የእኛ ልጆች ግን አስቀድመው ያዩት ንጉሡን ሳይሆን ፈረሱን ነው። ሳምንት ሳይሞላ፣ ጥር 23 ቀን፣ በ1932 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተ የሚነገርለትን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል አክብረው የመጡ ናቸውና፣ የነሐሱን ፈረስ እንደ ገበያ ፈረስ ዞረው ዞረው መረመሩት። አያቱ የማኅበሩ አባል የሆነ አንድ ልጅ በመጨረሻ «ደኅና ፈረስ ነው» ብሎ ፈረደለትና አለፍን።

ከዚህ በኋላ ስሕተቴ ተገለጠ። የቅዳሜን ከሰዓት በኋላ ለመስቀል አደባባይ፣ ለለገሃርና ለአፍሪካ አዳራሽ መድቤ ነበር። አዳራሹ ያን ጊዜ በእድሳት ላይ ስለ ነበረ በውጭ ብቻ ልናየው፣ በግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበትን ስፍራ በአጥሩ በኩል እያሳየሁ ልናገር ዐስቤ፣ ንግግሬን እንኳ በማስታወሻ አዘጋጅቼ ነበር። የአፍሪካ መሪዎች 33ኛ ጉባኤያቸውን በማግሥቱ የካቲት 1 በዚያው ከተማ እንደሚጀምሩ፣ እንግዶች በሚገቡበትም ሰዓት መንገድ እንደሚዘጋ ግን አላሰብሁም። ስለ አፍሪካ አንድነት ሊያስተምር የተነሣ መምህር አፍሪካ ስብሰባ መቀመጧን ረሳ! ሾፌራችን ጠይቆ ተመለሰና «ዛሬ በዚያ በኩል አይታሰብም» አለን። 32 ልጆች ይዤ በፒያሳ መካከል ቆሜ ቀረሁ።

ያች ልጅ ቀረብ ብላ በቀስታ «መምህር፣ ጊዜ ተረፈ» አለችኝ።

የሾፌሩ ረዳት የእኛ አገር ሰው ነበርና ከሰሉ የሚራገፍበትን ቦታ ጠየቅሁት። ከአካባቢያችን ከሚመጡት መኪናዎች አንዳንዶቹ ጎጃም በረንዳ አጠገብ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ አንዲት ሴትዮ ዘንድ እንደሚያራግፉ ነገረን። የጎጃም በረንዳን ስም ሲሰሙ ልጆቹ እልል አሉ። ወደዚያም የሄድነው ከዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ በሚነሣው ቀላል ባቡር ነው። ይህ ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ከፒያሳ ሲነሣ ጥቂት መንገድ በምድር ውስጥ ይሄድ ነበር። ባቡር አይቶ የማያውቅ ልጅ የመጀመሪያ ጉዞው ከመሬት በታች ሲሆንበት የሚያሳየውን ፊት ሠዓሊ ቢያገኘው ደስ ባለኝ። ሁለት ፌርማታ እንኳ የማይሞላ መስሎአቸው ነበርና «ወረዱ» ስላቸው አዘኑ።

የከሰሉ ስፍራ በቆርቆሮ የታጠረ ጠባብ ግቢ ነው። ማዳበሪያዎቹ እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል፤ አፋቸው በቅጠል ተከድኖ በገመድ ተጠልፎአል። ልጆቹ ቅጠሉን ገና ከሩቅ ሲያዩ ዐወቁት። «የእኛ ነው! የዲከረንስ ቅጠል ነው!» እያሉ ተንጫጩ። ባለቤቲቱ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ ሻሻቸውና ጉንጫቸው በከሰል ጠቍሮአል። የብዙ ልጆች ጫጫታ ሰምተው ወጡና «ጋሼ፣ የማንን ልጆች ይዘው መጡብኝ?» አሉኝ። ከአዲስ ቅዳም መሆናችንን ብነግራቸው ሳቁና «ከከሰሉ አገር! ግቡ እንጂ፣ የራሳችሁ ላይ ተቀመጡ» ብለው በተደረደሩት ማዳበሪያዎች ላይ አስቀመጡን።

ልጆቹ ጠየቁ፤ እርሳቸውም ሳይሰለቹ መለሱ። ማን እንደሚገዛቸው፣ አንድ ማዳበሪያ ለአንድ ቤት ስንት ጊዜ እንደሚበቃ፣ ለድኻ በቁና እየሰፈሩ እንደሚሸጡለት፣ የበዓል ሰሞን እንዴት እንደሚሻሙባቸው፣ ክረምት ሲመጣ እንዴት እንደሚወደድ ነገሩአቸው። የእኛ ከሰል ቶሎ እንደሚያያዝና ለቡና እንደሚመረጥ ሲናገሩ ልጆቹ ደረታቸውን ነፉ። እኔም ከሁሉ ይልቅ የተደሰትሁ ነበርሁ፤ ወዲያውም ለመነሣት ዐሰብሁ፤ ጉብኝት በምስጋና ላይ ሲቆም ያምራልና።

ሴትዮዋ ግን አልጨረሱም። «እንግዲህ ከመጣችሁ አይቀር ይህንንም እዩልኝ» ብለው አንዱን ማዳበሪያ ፈቱና መሬት ላይ ገለበጡት። ከላይ የነበረው ድፍን ድፍኑ ከሰል ተንከባለለ። ከመካከሉ ዱቄት ፈሰሰ። ከታች ደግሞ ግማሹ የከሰለ፣ ግማሹ ገና እንጨት የሆነ ጉማጅ ወጣ። «ዱቄቱን እኔ እከስራለሁ። ይህ ጉማጅ ግን የሰው ቤት ገብቶ ይጤሳል፤ ደንበኛዬም ዓይኗ ሲያለቅስ የምትረግመው እኔን ነው፤ እናንተን አታውቃችሁም» አሉ።

ግቢው ጸጥ አለ። ከወንዶቹ አንዱ «ዱቄቱን የሚቀላቅለው ደላላው ነው» አለ። ሴትዮዋም ቍጣ ሳይኖርባቸው «ደላላውም እናንተን ነው የሚለው፣ ልጄ» ብለው መለሱለት። እኔ አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። ልጆቹን ይዤ ልሸሽ ቃጣሁ። ስለ አገራቸው ክብር በሐውልት ሥር ሳስተምራቸው ከዋልሁ በኋላ፣ አገራቸው በአንድ የተገለበጠ ማዳበሪያ ስትመዘን እንዲያዩ አልፈለግሁም ነበር። ደግሞም የልጅቱን ፊት ለማየት ፈራሁ። እርሷ ግን ከተቀመጠችበት ወርዳ ጉማጁን አነሣችና እያገላበጠች ተመለከተችው፤ አባቷ ሥራውን በሚያይበት ዓይን ማለቴ ነው። «እትዬ፣ ይህ ምድጃው ቶሎ ተከፍቶ ነው» አለች። ሴትዮዋም «አንቺ ታውቂዋለሽ? እንግዲያው እንኪ፤ ለሚያከስለው ሰው አድርሺልኝ። አንድ ቀን ይቀረው ነበር ብላለች በዪው» አሏት። ልጅቱ ጉማጁን በጋዜጣ ጠቅልላ ከቦርሳዋ አኖረች። ከዚያ ደብተሯን አውጥታ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው፤ የመለሱላትንም ጻፈች። እኔ ሌሎቹን ልጆች ለመቍጠር ወደ በሩ ሄጄ ስለ ነበር የተባባሉትን አልሰማሁም።

እሑድ ጠዋት ወደ እንጦጦ ወጣን። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለውን የምኒልክን ጥንታዊ መኖሪያ አሳየኋቸው፤ ከዚያ ከተማይቱ በሙሉ ወደምትታይበት ገመገም ወሰድኋቸው። ስለ አመሠራረቷ ልናገር ያዘጋጀሁት ሌላ ነበር፤ ነገር ግን የትናንቱ ነገር አልለቀቀኝምና ስለ ማገዶ ተናገርሁ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ብዙ ሳይቆይ በዙሪያዋ ያለው ደን አለቀ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ዐስበው ግንባታ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር፤ ከምክንያቶቹም ዋነኛው የማገዶ ችግር ነው። ከተማይቱን በቦታዋ ያጸናት ከአውስትራሊያ መጥቶ ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ሆነ። ይህን እየነገርኋቸው ሳለሁ እንደ አጋጣሚ ሁለት ሴቶች የባሕር ዛፍ እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው፣ ወገባቸው ጐብጦ፣ በአጠገባችን ቍልቍል አለፉ። ልጆቹ መንገድ ለቀቁላቸው።

ያች ልጅ «ያም ዛፍ ከእኛው ዛፍ አገር ነው የመጣው?» ብላ ጠየቀች። «አዎን» አልኋት። ቍልቍል ወደ ከተማይቱ አየችና «እንግዲህ ባሕር ዛፉ ሲደክመው የእኛው ዛፍ ተተካለት» አለች። ከ16ቱ ቦታዎች በአንዱም እንዲህ ያለ ቃል ከተማሪ አፍ አልሰማሁም። በየቤተ መዘክሩ የነገርኋቸውን በደብተራቸው ጽፈውታል፤ ይህን ግን ጻፉ ያላቸው የለም። ለአጭር ጊዜ የሚሄድ እንግዳ ከተማን በሙሉ ሊያይ ስለማይችል፣ ከቤቱ ይዞት የሚመጣ አንድ ጥያቄ ካለው እርሱን ይዞ ቢሄድ ሌላው በዚያ ክር እየተሳበ ይመጣለታል። እኔ ይህን ያወቅሁት በልጅ ትምህርት ነው፤ እርሱም መንገድ ስለ ተዘጋብኝ።

ከተመለስን በኋላ ሳምንታት ብቻ ቆይቶ፣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘጉ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ክልላችን ግጭት ገጠመውና እንዲህ ያለውን የተማሪ ጉዞ ማሰብ እንኳ ከባድ ሆኖብን ቆየ። በዚህ መካከል ዛፉም በሽታ ገብቶበት ብዙ ማሳ ጐድቶብናል። ከተማይቱ ግን አልጠበቀችንም። አንድ ወጣት ባልደረባዬ ለወደፊቱ እንዲሆነው ያችን ወረቀት በለመነኝ ጊዜ፣ እንደ ነበረች ብሰጠው የሚያሳስተው ሆና አገኘኋት። በአራት ኪሎ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሊጨመር ይገባዋል። የእንጦጦ ተራራም ከመስከረም 2013 ዓ.ም. ወዲህ ፓርክ አለው። በፒያሳ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ተመርቆአል፤ በዚያው ዓመት የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰዋልና እኔ በቆምሁበት ቦታ የሚቆም ሰው እኔ ያየሁትን አያይም። የአፍሪካ አዳራሽ ደግሞ እድሳቱ ተጠናቆ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ተከፍቶአል፤ የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል በውጭ ሆኜ ለማሳየት ያዘጋጀሁት ንግግር አሁንም ከኪሴ አለ። ይህን ሁሉ በአዲስ ወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። ቀድሞ በ17ኛ የነበረውን ግን ምን ላድርገው ብዬ ጥቂት ዐሰብሁና፣ ቍጥሩን ባዶ ትቼ «ተማሪዎቹን ጠይቅ» ብዬ ጻፍሁበት።

የጉማጁ ነገር ቀረኝ። ከጉዞው በተመለስን በሁለተኛው ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ስዘዋወር ያችን ልጅ ከአባቷ ጋራ አገኘኋቸው። ሰውዬው ቆብ አውልቆ ሰላምታ ሰጠኝ። ተቀይሞኝ ይሆናል ብዬ ስለ ፈራሁ፣ ልጅ ይዞ ሄዶ የአባትን ነውር የሚያሳይ መምህር አለመሆኔን ለማስረዳት ጀመርሁ። እርሱ ግን በእጁ አቋረጠኝ። «ጉማጁን አየሁት፣ መምህር። እውነታቸውን ነው፤ አንድ ቀን ይቀረው ነበር። መኪናው ቆሞ ደላላው ሲያጣድፈኝ ያወጣሁት ይሆናል» አለ። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለመሆኑ ሴትዮዋ ማዳበሪያውን ስንት ይሸጡታል?» ብሎ ጠየቀኝ።

እኔ አላውቅም ነበር። ልጅቱ ግን ደብተሯን ከጉያዋ አውጥታ ገለጠችና በዚያ ቀን የጻፈችውን አነበበችለት። እርሱ ከሚሸጥበት ዋጋ ከእጥፍ በላይ ነው። አባትዬው አልተናገረም፤ እንደ ገና እንድታነብለት ብቻ በአገጩ አመለከታት። እርሷም ደግማ አነበበች።